የወጣውን ዕቃ አሳዩኝ

የካቲት 5 ቀን 2017፣ ረቡዕ፣ መርሳ

ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ «የበላኸውን ጻፍ፤ ከበላህ በኋላ የሆንከውንም ጻፍ» ብላኝ ነበር። ቤት ውስጥ ንጹሕ ደብተር ጠፋ። የአምናውን የጋራዥ መዝገብ አወጣሁ፤ ከኋላ ወደ አርባ ገጽ ያህል ባዶ አለው። የመኪና ብልሽት ሃያ ዓመት ጽፌያለሁ፤ የራሴን መጻፍ አይከብደኝም።

የሆነው ይህ ነው። ጥር 19 ቀን ደሴ ላይ የጨጓራ ቁስለት ኦፕሬሽን ተደረገልኝ። ቁስለቱን ቆርጠው አወጡት፤ ቀሪውን ሰፉት። ሐኪሙ ለሚስቴ ለፋንቱ እንደዚህ ብሎ ነገራት፤ እሷ ደግሞ ለእኔ።

ዛሬ፦ ጠዋት የገብስ ሙቅ፣ አምስት ማንኪያ። ደህና። አራት ሰዓት ላይ አጥሚት በስኳር፣ አንድ ኩባያ ሙሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ዓይኔ ጨለመ። ተጋደምኩ። ከዚያ እስኪመሽ ማቅለሽለሽ።

ክብደት 54። ሳልታመም 71 ነበርኩ። የተመዘንኩት ከጋራዡ ጎን ባለው እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ነው። «ፍቅሩ፣ ማኛ ነህ ሰርገኛ? ምን ብዬ ልመዝግብህ?» አለኝ። ስስቅ ስፌቱ አመመኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ጠያቂ ሲጎርፍ ዋለ። መርሳ ላይ የታመመ ሰው በፍራፍሬ ነው የሚጠየቀው፤ ጥጉ በማንጎና በፓፓያ ተሞላ። ሁሉም «እንኳን አተረፈህ» ይላል፤ ሁሉም «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይላል። ለአንዱ እሺ ብሎ ለሌላው እምቢ ማለት አይቻልም። አንድ ከሰርዶ የመጣ ጠያቂ ከጎረቤት ለስላሳ አስገዝቶ ራሱ ከፍቶ አስያዘኝ። ጠጣሁ። ማንጎም በላሁ።

ሦስተኛውን ቁራጭ ሳነሳ ፋንቱ መጥታ ሳህኑን ከእጄ ወሰደችው። እንግዳ ፊት። «ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ነው ያለው» አለቻቸው። ለእኔ ግን ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አልነገረኝም።

ወዲያው ላቡ መጣ። የልቤ ድለቃም መጣ። እንግዶቹ ሳይወጡ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ አስመለሰኝ።

ምሳ የቀረበልኝ ልጄ ህሊና ሕፃን ሳለች ትበላበት በነበረው ቢጫ ሳህን ነው። ሁለት ጉርሻ የሚሆን ፍትፍት። ፋንቱን ውሃ ስጪኝ ስላት «ትንሽ ቆይ» አለች። በገዛ ቤቴ ውሃ «ቆይ» ተባልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ሰስታ አይቻት አላውቅም። የታመመ ሰው ቶሎ ይሰለቻል ማለት ነው።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ሽሮ ፍትፍት። አስመልሶኝ ወጣ። እርጎ፣ ትንሽ። ቆየ። ሻይ በማር። ላብ፣ ልብ፣ መጋደም። 53።

ፋንቱ ሻዩን ስታይ ማሩን ደበቀችው። አልጠየቅኋትም።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ የቅበላ ዕለት

የንስሐ አባታችን መምሬ ወርቁ መጡ። ገና ሳይቀመጡ «ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ አንተ ግን አትጾምም። እንቁላሉንም ሥጋውንም ብላ፤ በእኔ ይሁን» አሉኝ።

አልጠየቅኋቸውም። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ሳልጠይቃቸው መሆኑ። የዛሬ ሦስት ዓመት ታይፎይድ አልጋ ላይ ሲጥለኝ ለምኛቸው «ወተት ብቻ፤ ያውም ሦስት ቀን» ብለው የፈቀዱ ሰው ናቸው።

«ምነው አባቴ? ቁስለቱ እኮ ወጥቷል» አልኳቸው።

«ሕመም ላይ ነህ ልጄ።» ይህን ሲሉ ያዩት እኔን አይደለም፤ ፋንቱን ነው።

«እርስዎ ቢፈቱኝም እጾማለሁ። ሁዳዴን በልቼ አላውቅም፤ በቁስለት ደግሞ አልጀምርም።»

ፋንቱ ተነሥታ ወጣች። ዓይኗ እንባ ነበረበት። ለእኔ የጾም፣ ለራሷም የጾም፤ እንዲያውም አንድ ድስት ቀለላት። ምን ያስለቅሳታል?

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

እየጾምኩ ነው። ተልባ፣ ሽሮ፣ ጎመን። ጎመኑ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። 52።

ፋንቱ ጓሮ ስልክ ይዛ ስታወራ ሰማኋት። «ከሃምሳ ኪሎ በታች ከወረደ አይጀምሩለትም ብለዋል። መጋቢት 10 ነው እኮ። እየጾመ! ምን ላድርግ ንገሪኝ?»

ስትገባ «ምንድን ነው የሚጀመርልኝ?» አልኳት።

«መርፌ። የጉልበት መርፌ።»

«የጉልበት መርፌ ለመጀመር ጉልበት ያስፈልጋል?»

«እኔ እንጃ ፍቅሩ! እነሱ ናቸው ያሉት።»

ስታወራ የነበረው ከህሊና ጋር ነው። ልጄ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ለእኔ ስትደውል «አባዬ በላህ?» ከሚለው በቀር ሌላ ወሬ የላትም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ጋራዥ ወረድኩ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዋርካው ሥር ወንበር አወጡልኝ። የሥራ ሸሪኬ ሲራጅ ከአንድ አይሱዙ ሥር ነበር፤ ሽንኩርት ጭኖ ከውርጌሳ የመጣ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ። ሲራጅም የረመዳን ጾም ላይ ነው። ከሥር ሆኖ «ፍቄ፣ የእኔ ጾም ማታ ማታ ይፈታል፤ ያንተ መቼ ነው የሚፈታው?» አለኝ።

«እናንተ ሌሊት ሌሊት የምትበሉትን እኔ በሁለት ወር አልጨርሰውም» አልኩት። ሳቀ። ደስ አለኝ።

ሥራው ሲያልቅ የተቃጠለውን ዲስክ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለሹፌሩ ሰጠው። ሹፌሩ «ምን ላድርገው? ምጣድ ላድርገው?» አለ። «እንደፈለግህ። ግን አይተህ ሂድ፤ ነገ አልቀየሩልኝም እንዳትል።»

ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጋራዡን በከፈትን በመጀመሪያው ሳምንት። ወልድያ ሥራ ያስተማረኝ የጋራዥ ጌታዬ አሮጌውን ዕቃ በናፍጣ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ አዲስ ነው ብሎ መልሶ ይገጥም ነበር። ከእኛ ጋራዥ ግን የወጣ ዕቃ በሙሉ፣ ካንዴላም ትሁን ኩሽኔታ፣ ባለመኪናው እጅ ይገባል። ባይፈልገውም አይቶት ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አላፈረስነውም።

እንዲያው ለጨዋታ «ሐኪሞቹ ግን ደንባችንን አያውቁም» አልኩት። «ቁስለቱን አሳዩኝ ብላቸው ጊዜ ነርሷ ሳቀችብኝ።»

የሲራጅ መፍቻ ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። አነሣው፤ በጨርቅ ጠረገው፤ የጠረገውን እንደገና ጠረገው። «ወላሂ ፍቄ… ተወው። የዳነ ሰው ወደ ኋላ አያይም» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። የኦፕሬሽኑ ቀን ከፋንቱ ጋር ደሴ የነበረው እሱ ነው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

የሲራጅ ሚስት ዙልፋ ልትጠይቀኝ መጣች። ፋንቱ ገበያ ነበረች። ዙልፋ ወሬዋ የማያልቅ፣ ልቧ ንጹሕ ሴት ናት። «አብሽር ጋሽ ፍቅሩ፣ አላህ ያሽርህ። ፋንቱ እኮ ጀግና ናት! ሲራጅ ነግሮኛል፤ ሐኪሙ ያን ሳህን ይዞ ወጥቶ ሲያሳያቸው፣ ሌላ ሴት ብትሆን በዚያው…»

አቆመች።

«የምን ሳህን?» አልኳት።

«ምን… የምግቡ ነዋ። የሆስፒታሉን ምግብ ማለቴ ነው። ምግባቸው አስቀያሚ ነው አሉ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ጫማዋን አዙራ አድርጋ።

የሆስፒታል ምግብ አይቶ ጀግና የተባለ ሰው አላውቅም። ክብደት 50 ከግማሽ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ፋንቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሣጥኗን ከፈትኩ። የሰው ሣጥን ከፍቼ አላውቅም። ከታች የእናቴ ሰማያዊ ሻሽ አለ፤ በውስጡ ወረቀት ተጠቅልሏል። እንግሊዝኛ ነው፤ ማኅተም አለው፤ ስሜ አለበት።

ከሌላ ጨርቅ ሁሉ ያን ሻሽ መምረጧ ገረመኝ።

ህሊና ከሰዓት ከወልድያ መጣች። «አንብቢልኝ» ብዬ ሰጠኋት። «የት አገኘኸው አባዬ?» አለች። «አንብቢ» አልኳት። አነበበች፤ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ቀኑን። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ሄደና ተመለሰ። «ቁስለት ያለበት ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል ይላል» አለች። መስመሩ ግን ከተናገረችው ይረዝማል። ከሥሩ አምስት መስመር አለ፤ እሱን «ስለ መድኃኒት ነው» ብላ አጠፈችው።

እንግሊዝኛ ባልችልም ፊደሉን እለያለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለውን አንድ ቃል የዕቃ ደረሰኝ ሁሉ መጨረሻ ላይ አውቀዋለሁ። ቶታል። ጠቅላላ ማለት ነው።

የምን ጠቅላላ?

ወረቀቱን ለፋንቱ ሣጥን ከመመለሴ በፊት ፊደል በፊደል እዚህ መዝገብ ላይ ገልብጬዋለሁ። ልጄ ዋሸችኝ። ጸጉሯን ሳበጥር ያሳደግኋት ልጄ ዓይኔን እያየች ዋሸችኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ነገ የደሴው ቀጠሮ ነው። ፋንቱ ልብሴን አስተካክላለች። «አልሄድም» አልኳት።

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ ፍቅሩ።»

«ለምን እንደምሄድ ንገሪኝና እሄዳለሁ።»

«ለመርፌው ነዋ።»

«የጉልበት መርፌ መርሳም አለ።»

ተንበረከከች። እግሬን ያዘች። ህሊናም ስልክ ላይ ታለቅሳለች። ሲራጅ መጥቶ «ለእኔ ስትል» አለኝ። ሦስቱም ይለምኑኛል፤ አንዳቸውም ግን ያቺን አንድ ቃል አይናገሩም። እኔም አንድ ቃል ነው የጠየቅሁት።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አልሄድኩም። 50። ቀኑን ሙሉ አቅለሸለሸኝ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ወልድያ ሄጄ መጣሁ። ብቻዬን፣ በሚኒባስ። ሲሪንቃ ላይ ጎማዋ ሲቀየር ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሹፌሩ ያውቀኛል፤ «ጋሼ፣ ዛሬ አንተ ቁጭ ብለህ እኛ ስንቀይር!» ብሎ ቀለደ። ተነሥቼ ብሎኑን ላጠብቅለት ብሞክር ክንዴ አልታዘዘኝም።

አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ነጭ ገዋን የለበሰች ወጣት ሴት አለች። መዝገቡን ገልጬ የገለበጥኩትን አሳየኋት። አነበበችው፤ እኔን ሳይሆን ወረቀቱን እያየች «ለታማሚው ምኑ ነዎት?» አለችኝ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። «ወንድሙ ነኝ» አልኳት።

«ታላቅ?»

«ታላቅ።»

ከባንኮኒው ወጥታ ወንበር ሰጠችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጨጓራው ሙሉ በሙሉ ነው የወጣው፤ በካንሰር ምክንያት» አለች። «የጉሮሮውን ቧንቧ በቀጥታ ከአንጀቱ ጋር ነው ያያያዙት።»

«ጨጓራ የሌለው ሰው ይኖራል?»

«ይኖራል እንጂ! ሲያውቅበት ነው። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ፣ በጣም ትንሽ ትንሽ። ውሃ ከምግብ ጋር አይሆንም፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ። ስኳርና ማር ቶሎ አንጀት ውስጥ ስለሚወርድ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል።»

«ያጠምቀዋል» አልኩ።

«እንቁላል ስጡት። በደንብ የደቀቀ ሥጋ። አይጾምም አይደል?»

«ይጾማል።»

«ኧረ ጋሼ! እንዴት ትፈቅዱለታላችሁ? እዚህ ላይ ኬሞ እንዲጀምር ብለው ጽፈዋል፤ መጋቢት 10። ሄደ?»

«አልሄደም።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ቢላ ያላገኘው በሽታ ቀርቶ ከሆነ የሚያጠፋው ያ መድኃኒት መሆኑን፤ ከኦፕሬሽኑ ሦስት ወር ሳይሞላ ቢጀመር እንደሚሻል፤ ሰውነቱ በጣም ከከሳ ግን መድኃኒቱ ራሱ እንደሚጎዳው። ጥር 19ን ቆጠርኩ። ሦስት ወሩ ሚያዝያ 19 ይሞላል።

«ለራሱ ነግራችሁታል?»

«አልነገርነውም።»

«ደግ አደረጋችሁ። ሰው ይሰበራል። ካወቃችሁ እናንተ ትበቃላችሁ።»

አመስግኜ ስነሣ ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎም በጣም ከስተዋል። ማስታመም ከባድ ነው፤ ራስዎንም ይጠብቁ» አለችኝ።

መናኸሪያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ሚኒባስ ውስጥ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ መጣሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ዕቃ የለም። ሚስቴ አይታዋለች፤ ልጄ ታውቃለች፤ ሲራጅ በዓይኑ በብረቱ አይቷል፤ ዙልፋ ሰምታለች፤ መምሬ ወርቁ ያውቃሉ። የማያውቀው የተሸከመው ሰው ነው። በሰፈሩ ፊት ስለ ቁስለቴ ሳወራ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ነበር ማለት ነው።

ስገባ ፋንቱ «የት ነበርክ?» አለች። «ወልድያ፣ ዕቃ ልጠይቅ» አልኳት። እኔም ዋሸሁ። 48 ከግማሽ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ጠዋት «እንቁላል ቀቅይልኝ» አልኳት። በር ላይ ቆማ ቀረች። «መምሬ ፈትተውኝ የለ» አልኩ። ሮጣ ሄደች። አንዱን እንቁላል በቢጫው ሳህን፣ በሁለት ጊዜ በላሁት። ቆየ።

እንደማውቅ አልነገርኳትም። እንድትነግረኝ እጠብቃለሁ። እስክትነግረኝ ከእሷ ጋር ወሬ የለኝም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ትናንት ደሴ ደወልኩ። «የታማሚው ወንድም ነኝ፤ ቀጠሮ አልፎናል።» ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ «ሚያዝያ 14 ይምጣ። ከሃምሳ ኪሎ በታች ከሆነ አንጀምርለትም፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ይረፍድበታል» አሉ። «እነግረዋለሁ» አልኩ።

ዛሬ ሰባት ጊዜ በላሁ። አንዱ ወጣ። ስኳር የለም። ውሃውን በሰዓት።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

የፋንቱን ፊት ማየት አቃተኝ። ሳህኑን ታስቀምጣለች፤ እበላለሁ፤ ታነሣለች። ዛሬ «ምን በድዬህ ነው?» አለችኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅኋት። «ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለች።

እሷ እንዲህ ዓይነት ሴት አልነበረችም። ያኔ ወንድሜ አብርሃም አፋር በረሃ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት፣ እናቴ በልብ ሕመም ተኝታ ነበርና «ንገራት፤ እናት ናት፤ የመሰናበት መብት አላት» ያለችኝ ፋንቱ ናት። እኔ ነኝ «ዝም በይ፤ ትሞታለች» ያልኳት። ለእናቴ «ጅቡቲ ሥራ ላይ ነው» አልናት። ሰማያዊውን ሻሽ ወልድያ ገበያ ገዝቼ «አብርሃም ላከልሽ» ብዬ አለበስኳት። ስምንት ወር ለበሰችው። በመጨረሻው ሳምንት «ፍቅሩ፣ ልጄ ላይ የደረሰ ነገር አለ፤ ትደብቀኛለህ» አለችኝ። ደህና ነው ብዬ በእግዚአብሔር ስም ማልኩላት።

ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እናቴ አሮጊት ነበረች። ያ ሌላ ነው።

49።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

49 ከ600። ሲራጅ «ፍቄ፣ ፊትህ ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ደስታው የእውነት ነው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባውን ሳይ ይበልጥ ተናደድኩበት። «አሮጌውን ዕቃ አጥቦ የሚገጥም ሰው ታስታውሳለህ? የነገርኩህ ጌታዬን?» አልኩት። «አስታውሳለሁ፤ ምነው?» አለ። «ምንም» አልኩት።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ሁሉም ስግደት ሄደዋል። እኔ መስገድ አልችልም። እርጎ፣ ግማሽ ሲኒ። ከሰዓት አስመለሰኝ። ፈራሁ። ሁለት መቶ ግራም ቢቀንስ እንኳ እፈራለሁ። መሞትን እንደምፈራ ከዛሬ በፊት አልጻፍኩም።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ሲራጅና ዙልፋ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ፤ ዙልፋ የራሳቸውን ምግብ ይዛ፣ እንደ ሁልጊዜው። ህሊናም አለች። ፋንቱ ዶሮውን በቢጫው ሳህን አቀረበችልኝ፤ አንድ ማንኪያ ወጥ፣ የደቀቀ ሥጋ፣ የእንቁላል ግማሽ። ህሊና ረስታ ውሃ ቀዳችልኝ። ፋንቱ ብርጭቆውን ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ ሰው ፊት እንዳትነጥቀኝ ፈርታ መለሰችው።

«አንሺው» አልኳት። «ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጨጓራ የሌለው ሰው ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም።»

ሁሉም እጁ በያዘበት ቀረ። የሲራጅ ጉርሻ መሶቡ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ማን ነገረህ?» አለች ፋንቱ።

«አንድ የማላውቃት ሴት። ወንድሙ ነኝ ስላት ነገረችኝ። ፍቅሩ ነኝ ብላት ኖሮ እንደናንተ ትዋሸኝ ነበር።»

ህሊና ማልቀስ ጀመረች። ሲራጅ «ወላሂ ፍቄ፣ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ነበር…» አለ።

«አንተን አላናግርህም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰውን ካንዴላ ጠቅልለን ስንሰጥ ኖረን የእኔን ደበቅኸኝ። አሁን የወጣውን ዕቃ አሳዩኝ።»

«አባዬ የለም እኮ፤ ለምርመራ ወስደውታል…»

«የደበቃችሁትን ሁሉ አምጡ።»

ህሊና እናቷን አየቻት። ፋንቱ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሲራጅ ያን ቀን በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ለህሊና ልኮላት ኖሯል፤ ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ።

የብረት ሳህን ነው። አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። እንደ እርጥብ ከረጢት የተጣጠፈ፣ ከጠበቅሁት ያነሰ ነገር። የታችኛው ወገን ደንድኗል፤ ነጥቷል፤ መሐሉ ጎድጉዷል። የፍሬን ሸራ ተበልቶ ብረቱን ሲነካ እንዲህ ይሆናል። ሌላውን ወገን ለማየት ጣቴ ስልኩን ሊገለብጠው ሞከረ። ረጅም ጊዜ አየሁት። እውነቱን ለመጻፍ፣ ማንም ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ያወጣው ነበር።

ስልኩን መለስኩ። «ለምን?» አልኳት ፋንቱን።

«እናትህ ስትታመም ያልከኝን ነው ያደረግሁት» አለች። «ዝም በይ፤ ትሞታለች ብለኸኝ ነበር። እኔም እንዳትሞትብኝ ዝም አልኩ።»

ያ ሌላ ጉዳይ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ አላልኩትም።

ዙልፋ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «በሉ ብሉ፤ እሱ እንኳ እየበላ!» አለች። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ህሊና ውሃውን አመጣችልኝ።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ሚዛን ላይ ስወጣ 50 ከ500 አለ። ኪሴን ስዳስስ አንድ ባለ 17 ቁጥር መፍቻ ቁልፍ አገኘሁ። አወጣሁትና ድጋሚ ወጣሁ። 50 ከ300። እህል ነጋዴው «አሁን ማኛ ሆነሃል» አለኝ።

ፋንቱ ለመንገድ በአምስት ትንንሽ ዕቃ ምግብ ቋጥራለች፤ በየአንዳንዱ ላይ የሚበላበትን ሰዓት ህሊና ጽፋበታለች። ሰማያዊው ሻሽ ከሣጥኑ ወጥቶ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ማን እንዳጠበው አልጠየቅሁም። ይቅር ብያታለሁ ብዬ እዚህ አልጽፍም፤ በዚህ መዝገብ ላይ ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ብዬ ጽፌ አላውቅም። አብራኝ እንድትሄድ ግን ነግሬያታለሁ።

ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመርሳ እንነሣለን። ሐኪሙ «ለታማሚው ምኑ ነህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ወንድሙ ነኝ አልልም።